ዳገት ላይ የሚወርደው ቀስት

ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ስንመለስ ነው የዘይት ግፊት ጌጁ ላይ ያለው ቀስት መውረድ የጀመረው። የምነዳው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ደግሞ ከሸማኔዎች የሰበሰብኩት ባና በሸራ ተሸፍኖ ታስሯል። የምተዳደረው በዚሁ ነው። በየመንደሩ የሚሠራውን የሱፍ ብርድ ልብስ እየገዛሁ መሐል ሜዳና ደብረ ብርሃን ወስጄ እሸጣለሁ። ፒክአፗ ግን የአባቴ ናት። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ የገዟት አሮጌ የናፍታ መኪና ናት። መንዳት ያስተማሩኝም በእሷ ነው።

ሞተር ዘይቱን ከታች እየሳበ በየብረቱ መሐል የሚረጭበት ፓምፕ አለው። ጌጁ የሚያሳየው የዚያን ግፊት ነው። የእኛ መኪና ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ ቀስቱ ከፍ ይልና ሞተሩ ሲሞቅ መሐል ላይ ይቆማል፤ ነዳጅ ስሰጣት ከፍ፣ ስለቅላት ዝቅ ይላል። የዚያን ዕለት የሆነው ግን ተቃራኒው ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ነዳጅ ረገጥኩ፤ ቀስቱ ወረደ። እግሬን አነሳሁ፤ ተመለሰ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ደግሞ ወረደ።

ለአባቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ሽቦው ነው» አሉኝ።

እሳቸው ሽቦው ነው ካሉ ሽቦው ነው ብዬ ነዳሁ። ትንሽ ሄጄ ግን ልቤ አልረጋ ስላለኝ ዳር ይዤ ቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ በጨርቅ ጠርጌ ደግሜ ከተትኩት። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፤ አልጎደለም፣ ናፍታም አልሸተተኝም። ከመኪናው ሥር መሬቱ ላይ የተንጠባጠበም ነገር አልነበረም። ተመልሼ ገባሁና ጉዟችንን ቀጠልን።

አባቴ ሞተርን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። ልጅ ሆኜ መንገድ ዳር አብረን ስንቆም፣ ከሩቅ የሚመጣ መኪና ገና ሳይታይ የቱ ብረት እንደላላ ይነግሩኝ ነበር። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት ለዓመታት ሲመላለሱበት ሬዲዮ ከፍተው አያውቁም፤ ሞተሩን ያፍንብኛል ይላሉ። ሌሎች ሾፌሮችም መኪናቸው አንዳች ነገር ሲሆንባቸው እኛ ደጅ አምጥተው ያቆሙና «እስቲ ይስሙልኝ» ይሏቸዋል። እኔ ቀስት አይቼ የምፈራውን ነገር እሳቸው ሰምተው ደህና ነው ካሉ፣ ቀስቱን ማመን ለእኔ እንደ ድፍረት ነበር።

ዳገቱ እየጠና ሲሄድ ከሞተሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና በፍጥነት ሲሠራ እንደሚሰማው ያለ። ነዳጅ ስረግጥ ይበረታል፣ ስለቅ ይጠፋል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አዳመጥኩ። ነፋሱ ፊቴን ገረፈኝ፤ ድምፁ ግን አለ።

«አባዬ፣ ይሰማዎታል?»

«ምኑ?»

«ከላይ በኩል የሚንቀጫቀጨው።»

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ከዚያ ሞተሩ ደህና እንደሆነ፣ አሮጌ መኪና ድምፅ እንደማያጣት ነገሩኝ። በዚሁ መሐል ቀስቱ ወርዶ ወርዶ ዜሮው ላይ ተኛ። እኔም ዳር ይዤ ቆምኩና ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁት።

ተቆጡ። አንዲት የተበጠሰች ሽቦ ፈርቼ በዚህ ብርድ መንገድ ላይ እንዳስቀረኋቸው፣ ከተማው ከዚያ ማዶ እንደሆነ ተናገሩኝ። ስለ መኪና የነገሩኝን አልሰማም ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ከኋላ አንድ ባና ፈትቼ አመጣሁና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው። አልከለከሉኝም፤ ግን ዞር ብለውም አላዩኝም።

ቆይቶ ገብስ የጫነ መኪና መጣና ሾፌሩ አባቴን ሲያይ ወርዶ ሰላም አላቸው። በገመድ ጎትቶ መሐል ሜዳ ከሚገኝ አንድ ጋራዥ አደረሰን።

መካኒኩ ጎልማሳ ሰው ነው። አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቃቸው ሲገቡ ከመኪና ሥር ወጥቶ፣ እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ዘርግቶ ሰላም አላቸው። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት። አባቴ ሽቦው መሆኑን ደገሙለት። እሱም «ሊሆን ይችላል ጋሼ፤ እናየዋለን» ብሎ በመጀመሪያ የእሳቸውን ሐሳብ ሊፈትን ከጌጁ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሽቦ ተከትሎ ፈተሸ። ሽቦው ጤነኛ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ላይ ያለውን ሴንሰር ፈታና በቦታው በጎማ ቱቦ የተያያዘ፣ በእጅ የሚያዝ የራሱን መለኪያ አሰረበት። ይህ መለኪያ ሽቦ የለውም፤ የዘይቱ ግፊት ራሱ ነው የሚገፋው።

ጋቢና ገብቼ እንዳስነሳ ነገረኝ። አስነሳሁ። ነዳጅ ሳልሰጣት ግፊቱ ደህና ነበር። ቀስ ብዬ እንድረግጥ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ረገጥኩ። የእጁ መለኪያም ልክ እንደ ዳሽቦርዱ ወረደ። ወዲያው አጥፊው አለኝ።

ሞተሩ አርጅቶ ብረቱ ከላላ ግፊት የሚያንሰው ሞቆ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲቆም ነው፤ ሲረገጥማ ይነሳል። ሲረገጥ የሚወርድ ከሆነ ግን ፓምፑ የሚስበው ዘይት አጥቷል ማለት ነው። መካኒኩ ይህንን እያስረዳን ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ገባ። ብዙ አልቆየም።

«እህቴ፣ በቅርቡ ድንጋይ መትቶሽ ነበር?» ሲል ከሥር ሆኖ ጠየቀኝ።

አልመታኝም አልኩት። ነይ እዪ ሲለኝ ተንበርክኬ አየሁ። ሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ቆርቆሮ፣ ጎድጓዳ ሳህን ከታች በቡጢ የተመታ ይመስል ወደ ውስጥ ገብቷል። ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ገና ያበራል፤ አልዛገም። ውስጥ ዘይቱን የሚስበው ቧንቧ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው። የጎደጎደው ቆርቆሮ ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ አፉን ዘግቶበታል። ዝም ብላ ስትቆም የሚያልፈው ጥቂት ዘይት ይበቃታል፤ ዳገት ላይ ብዙ ስትፈልግ ግን አታገኝም።

ቀና ስል አባቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። እሳቸውም ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩና አዩት። ባለፈው ሳምንት እኔ ደብረ ብርሃን ሳለሁ፣ ግሼ በኩል ለቅሶ ኖሮባቸው ብቻቸውን ነድተው ሄደው ነበር። ያ መንገድ ድንጋያም ነው። እንዲህ ያለ ምት ግን ብረቱ ሲጮህ ከሩቅ የቆመ ሰው እንኳ ይሰማዋል። ያወቀ ሾፌር ወዲያው ወርዶ ሥሯን ያያል፤ እኔንም እንዲህ አድርጊ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

መካኒኩም ይህ ገብቶታል። ከሥር ወጥቶ ልብሱን እያራገፈ፣ የግሼ መንገድ የማንንም መኪና እንደማይምር፣ ሰሞኑን ብዙ እንደዚህ ያለ እንደሠራ ተናገረ። ነገሩን ሊያቀልላቸው ፈልጎ ነው። አባቴ ግን እንዲያልፍ አልፈለጉም።

«መንቀጥቀጡን አውቄዋለሁ፤ መንገዱ ሁሉ እንዲያ ነበር» አሉ። «የብረቱን ጩኸት ግን አልሰማሁትም።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅድም አንቺ ያልሽውንም አልሰማሁትም። ደህና ነው ያልኩሽ ስላልሰማሁ ነው። ደግ አደረግሽ አጠፋሽው።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቀስ እያለ ስለሄደ ራሳቸውም እንደማያውቁት ነገሩኝ። የባነኑት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ማኅሌት ቆመው ከበሮው ይሰማቸዋል፤ ጸናጽሉ ግን ከመሪጌታው እጅ ላይ ሲወዛወዝ ያዩታል እንጂ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ጸናጽሉ የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ሌላም ቀን፣ ሌላ ቦታም እንደዚያው ሲሆን የተበላሸው የራሳቸው ጆሮ መሆኑን አወቁ። ለማንም አልተናገሩም። «ሞተር አይሰማም ከተባለ ምኔ ይቀራል ብዬ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ይህን ሲሉኝ ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ነገሮች አንድ በአንድ መጡብኝ። ከማኅበር መቅረታቸው። ጎረቤት ሰላም ሲላቸው ዝም ብለው ማለፋቸውና ኮሩ መባላቸው። እናቴ ስታናግራቸው መልስ ስለማይሰጡ ምን አስቀየምኳቸው ብላ ስትብሰለሰል መክረሟ። እኛ ሁሉ ጠባያቸው የተለወጠ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ግማሹን ብቻ እየሰሙ፣ ሰው ሲስቅ እየሳቁ፣ ሰው ዝም ሲል ዝም እያሉ ብቻቸውን ከርመዋል።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። መካኒኩ መፍቻ የሚፈልግ መስሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ለመፍቻ ብዙ ቆየ።

ሲመለስ ዘይቱን አፍስሶ ቆርቆሮውን ፈታ። ውስጡን በናፍታ አጥቦ ወንፊቱን በብሩሽ አጸዳው። ሞተሩ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎችም ከፍቶ በጣቱ ዳሰሳቸውና አልተላጡም፣ ትንሽ መንገድ ቢጨመርባቸው ኖሮ ግን ይቃጠሉ ነበር አለ። ቆርቆሮውን ለማቅናት መዶሻ ሲያነሳ አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጣቸው። ግንድ ላይ ደፍተው፣ ከውስጥ በኩል በትንሽ በትንሹ፣ ከጎድጓዳው ዳር ጀምረው ወደ መሐል እየመጡ አቀኑት። ስንጥቅ እንዳይኖረው በጣታቸው ይዳብሱት ነበር። ሥራው ላይ ሳሉ ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ።

ተገጥሞ አዲስ ዘይት ከተሞላ በኋላ ደግሜ አስነሳሁት። መካኒኩ መለኪያውን ይዟል። ረገጥኩ፤ ወጣ። አጥብቄ ረገጥኩ፤ ወጥቶ ቆመ። አባቴ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ቆዩና ወደ ጋቢናው መስኮት መጡ።

«ድምፁ ምን ይመስላል?» አሉኝ።

አባቴ ስለ ሞተር ጠይቀውኝ አያውቁም። በጥንቃቄ አዳመጥኩ። ያ ቀጭኑ ድምፅ እንደጠፋ፣ አሁን ወፍራምና እኩል የሆነ ብቻ እንዳለ፣ ስለቀውም ሳይንተፋተፍ እንደሚወርድ ነገርኳቸው። ከንፈሬ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ሰሙኝ። ለካ አፍ እያዩ ነበር የሚሰሙት።

«እንግዲያው ደህና ናት» አሉ።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንገባ፣ ከእንግዲህ ብቻቸውን እንደማይነዱ ራሳቸው ተናገሩ። እኔ እንዴት እንደምጀምረው ስጨነቅበት የነበረውን እሳቸው ቀደሙኝ። ለእናቴም በቤቱ መሐል ቆመው ነገሯት። እናቴ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ያስቀየመቻቸው እየመሰላት መክረሟን እያነሳች በደንብ ተቆጣቻቸው፤ እንዲሰማቸውም ጮክ ብላ ነበር የምትቆጣው።

ባናውን ደብረ ብርሃን ልሸጥ ስሄድ አብረውኝ ሄዱና ሐኪም አየቻቸው። ሐኪሟ የዕድሜና የሞተር ጩኸት ሥራ መሆኑን፣ የሄደው እንደማይመለስ ግን በመሣሪያ ሊታገዝ እንደሚችል በወረቀት ላይ ጆሮ እየሣለች አስረዳቻቸው። መሣሪያውን ለማግኘት ብዙ ተመላለስን። ሲገኝም መጀመሪያ ጠሉት፤ ነፋሱን፣ የወንበሩን መጎተት፣ የገዛ ማኘካቸውን ሁሉ ያመጣብኛል እያሉ እያወለቁ ኪሳቸው ይከቱት ነበር።

አንድ ከሰዓት እናቴ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሽሮ ስትነፋ፣ በእነዚያ ዓመታት እንደለመደችው ለራሷ ታጉተመትማለች፤ በጭቃ ጫማ ገብተው የተጠረገ ቤት እንዳበላሹባት ነው የምታወራው። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሱፍ እለያለሁ። አባቴ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ በር ላይ ሄደው ጫማቸውን አወለቁና በካልሲ ተመለሱ።

እናቴ ወንፊቷን እንደያዘች ዞር ብላ አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት። ከዚያ ሁለቱንም ሳቅ ሳቅ አላቸው፤ እሷም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።