ወንድሟ የተጠየቀበት ቀን

ከተማው ሁሉ “ቲቸር” ነበር የሚላት። ስሟን የሚያውቀው የትምህርት ቤቱ ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ጂኦግራፊ አስተምራለች። እናትና አባቷ ገና ልጅ ሳለች ስለሞቱ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። መጀመሪያ የሰው መኪና ይነዳ ነበር፤ ኋላ ላይ አንድ ያረጀ ገልባጭ ገዛና ለግንበኞች ድንጋይና አሸዋ ማመላለስ ያዘ። እሷ እስክትመረቅ ድረስ ለራሱ ጫማ መግዛት የማይታሰብ ነገር ነበር። አግብቶ ልጅ ሲወልድም ከግቢው አላስወጣትም። ከዋናው ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ሠራላትና “ባልሽ እስኪመጣ እዚህ ሁኚ” አላት። ባል አልመጣም። እሷም መንገድ መንገዱን የምታይ አትመስልም ነበር። ራት ከነሱ ጋር ትበላለች፣ የወንድሟን ልጅ ታስጠናለች፣ የተማሪ ወረቀት ታርማለች። እሱ “ሚጣ” ይላታል። ፀጉሯ መሸበት ሲጀምርም ያው ሚጣ ናት።

ለምክር ቤት እንድትወዳደር የገፋፏት የተማሪዎቿ ወላጆች ናቸው። ወንድሟ በገልባጩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ከተማውን ዞረላት። “ልጆቻችሁን ሃያ ዓመት ሙሉ ጸጥ ያሰኘች ሴት ሚኒስትር ጸጥ ማሰኘት አያቅታትም” እያለ ሲለፍፍ፣ ሰው ሥራውን ትቶ እየወጣ ይስቅ ነበር። ተመረጠች።

በዋና ከተማው ለአባላቱ በተሰጠ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ደረሳት። ከአልጋው እስከ መጋረጃው ዘንግ ድረስ የመንግሥት ንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል። ጎረቤቶቿ ቅዳሜና እሑድ ወደየቤተሰባቸው ስለሚሄዱ ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ አይሰማም። ለአንድ ሰው ምግብ መሥራት ደግሞ አልለመደችም። የምትሠራው ለአራት ሰው ነው፤ የተረፈውን ትደፋለች።

“ብክነት ተቆጣጣሪ ተብዬ መጥቼ አንደኛ አባካኝ ሆኜልህ አረፍኩ” አለችው ወንድሟን በስልክ።

“ጠርተን እንጠይቅሻለን” አላት እየሳቀ።

ዕውነትም የተመደበችው የመንግሥትን ወጪና ግዢ በሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነበር። ሥራው አሰልቺ ነው። የኦዲት ሪፖርት ማንበብ፣ ኃላፊ መጥራት፣ ኃላፊው “በሂደት ላይ ነው” ሲል መስማት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲዋሽ መነጽራቸውን አውልቀው የሚጠርጉ። እሷ ሥራውን ወደደችው። ማታ ስልክ ስትደውል ስለ ሥራው ምንም አትናገርም፤ ወንድሟም አይጠይቃትም። የሚያወሩት ስለ ልጁ ፈተና፣ ስለ ግቢው አጥር፣ ስለ መኪናው ጎማ ነው። ቀኗን ሙሉ የምትጠብቀው ያንን ስልክ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቷ ዋናው ኦዲተር አንድ ሪፖርት ላከ። በተለያዩ ከተሞች ለተሠሩ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ክፍያው ተጠናቆ ተከፍሏል፤ ውሃ ግን የትም አልደረሰም። ኮሚቴው ቦታው ድረስ ሄዶ ለማየት ወሰነ። ከሚታዩት አንዱ የሷ ከተማ ነበር። ደስ አላት። እግረ መንገዷን ቤቷ ታድራለች።

ማጠራቀሚያው ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ የቆመ ሰፊ የኮንክሪት ጋን ነው። ጋኑን የሠራው ተቋራጭ ድንኳን አስተክሎ፣ የታሸገ ውሃ ደርድሮ ጠበቃቸው። ሰብሳቢው የታሸገውን ውሃ አልነኩም። በኮሚቴው ትእዛዝ ጋኑ በቦቴ መኪናዎች ተሞልቶ አድሯል፤ እሳቸው ግድግዳውን ነበር ለማየት የፈለጉት። ግድግዳው ላብ እንዳጠመቀው ሰው ከላይ እስከ ታች ርሷል። በአንድ በኩል ውሃው እንደ ክር እየወረደ መሬቱን አጨቅይቶታል። አንድ የኮሚቴ አባል በቤት ቁልፍ ጫር ቢያደርገው ኮንክሪቱ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ።

“ይሄ የአሸዋው ጥፋት ነው” አለ ተቋራጩ ሳይጠየቅ። “አሸዋ ያቀረበልን የአካባቢው ሰው ነው። እነሆ፣ እዚሁ አለ።”

የተጠቆመው ሰው ከሕዝቡ መሃል ወጣ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። ስለ አሸዋው የተባለውን አልሰማም፤ የሰማው ስለሱ መወራቱን ብቻ ነው። በውሃ ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ በተቋራጩና በጋዜጠኞቹ መሃል ሰንጥቆ መጣና እህቱን አቅፎ ሳማት።

“ሚጣዬ፣ ከሳሽብኝ” አላት።

እሷም ሳመችው። ቀና ስትል ሰው ሁሉ ወደነሱ ያያል።

ወንድሟ አሸዋ ለዚያ ሥራ እንደሚያቀርብ አታውቅም ነበር። እሱ ሊደብቃት ብሎ አይደለም፤ ለማን እንደሚጭን መቼም ነግሯት አያውቅም። ስለ ጎማው ብቻ ነበር የሚነግራት። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ከሰብሳቢው ጎን ተቀመጠች።

“ክቡር ሰብሳቢ፣ ያ ሰው ወንድሜ ነው።”

“ሲስምሽ አየን እኮ።”

“ከጉዳዩ መውጣት አለብኝ።”

ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞሩ። “የምንፈልገው ተቋራጩንና ክፍያ ያጸደቁትን ነው። የአንድ ገልባጭ ባለቤት ለምስክርነት ያህል ነው የሚጠራው። ማንም አፍ አውጥቶ ውጪ አይልሽም።”

“ሌላ አባል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሉት ነበር?”

“አልለውም” አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ዳኛ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ ክስ እጄ ላይ ወደቀ። ለሌላ ዳኛ አስተላለፍኩት። ፍርዱ ጥሩም መጥፎም አልነበረም። አክስቴ ግን እስክትሞት ቤቴን አልረገጠችም። ይሄን አውቀሽ ግቢበት።”

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሟ ቤት ሦስቱም ገበታ ላይ ነበሩ፤ እሱ፣ ሚስቱና እሷ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት።

“ወንድም ጋሼ፣ ኮሚቴው ይጠራሃል። ያን ቀን እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ” አለችው።

“ወጥተሽ የት ልትሄጂ?”

“ውጭ እቀመጣለሁ። ዘመድ በዘመዱ ጉዳይ አይቀመጥም።”

የምትቀልድ መሰለው። ፊቷን አይቶ እጁን ከገበታው ሰበሰበ። “ተናገሪልኝ አላልኩሽም። አንዲት ቃል አልፈልግም። ዝም ብለሽ ቁጭ በይልኝ። አንቺን ካዩ እንደ ሰው ያነጋግሩኛል።”

“እኮ፣ እሱን ነው የማልችለው።”

“ቁጭ ማለት?”

ለመጠየቅ ስትፈራ ያደረችውን ጥያቄ ጠየቀችው። “አሸዋው አፈር እንዳለበት ታውቅ ነበር?”

የወንድሟ ሚስት ሳህን ልታነሳ የዘረጋችውን እጅ መለሰች።

“ንጹሑ አሸዋ ወንዙ ታች ነው፤ መንገዱ መኪና ይሰብራል” አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። “ተቋራጩ ‘ቅርቡን አምጣ፣ እኛ እናጥበዋለን’ አለኝ።”

“አጠቡት?”

“ውሃ ከየት አምጥተው?”

ሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ማንም አልሳቀም። ልትሄድ ስትነሳ ሚስቱ እስከ በሩ ሸኘቻት። እሱ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ጉዳዩ የታየው ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዋና ከተማው ነው። ስብሰባው እንደተከፈተ እጇን አወጣች። “ከሚጠየቁት አንዱ ታላቅ ወንድሜ ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ አልሳተፍም፤ ድምፅም አልሰጥም” አለችና ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ከኋላዋ በሩ ሲዘጋ ድምፅ እንዳያሰማ ጥበቃው በእጁ ያዘው።

ኮሪደሩ ላይ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። እዚያ ተቀመጠች። ተቋራጩ ከሁለት ጠበቆች ጋር መጣ። የሚኒስቴሩ ሰዎች ፋይል ተሸካሚ አስከትለው መጡ። ወንድሟ ብቻውን መጣ። ክራቫት አስሯል፤ ማን እንዳሰረለት እንጃ፣ ቋጠሮው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ተነስታ ልታቃናለት ፈለገች። ሳያያት አለፈ።

በሩ ወፍራም ስለሆነ ቃል አይለይም። የሰብሳቢው ዝግ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የጠበቆቹ ይከተላል። አልፎ አልፎ አንድ ሳል ትሰማለች፤ ያቺን ሳል ግን ከሺህ ሰው መሃል ትለያታለች። ሲጨንቀው የሚስላት ናት። ውሃ አቀረቡለት ይሆን እያለች አሰበች። ጥበቃው “ቢሮዎ ውስጥ ቢያርፉ አይሻልም ወይ?” አላት። አይ አለችው። ለምን እዚያ እንደተቀመጠች ራሷም በቅጡ አታውቅም። ሲወጣ ሰው እንዲያገኝ ብላ ይሆናል።

እረፍት ሲሆን በሩ ተከፈተና ወንድሟ ወጣ። ወዲያና ወዲህ አየ። ኮሪደሩ ላይ ከሷ ሌላ ሰው አልነበረም። ቀረብ አለና በትሕትና ጎንበስ አለ።

“የተከበሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል ነው?”

ሊያሾፍባት መስሏት ዓይኑን አየችው። አላሾፈም። አንዲት የማያውቃትን ባለሥልጣን የሚጠይቅ ሰው ዓይን ነበር።

“በቀኝ በኩል፣ መጨረሻው በር” አለችው።

“እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ሄደ።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ሰብሳቢው ቢሮዋ ድረስ መጡ። “ወንድምሽ አልዋሸም” አሏት። “ያየውንም ያደረገውንም ተናገረ። ተቋራጩ ላይ ነገር የከበደው በሱ ቃል ነው። እህት አለኝ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።” ይሄ የሚያጽናናት መስሏቸው ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ በሩን ቆልፋ አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ አለቀ። ተቋራጩ ከመንግሥት ጨረታ ታገደና ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕግ ተመራ። ክፍያውን ያጸደቁት ኃላፊ ከሥራ ተነሱ። ወንድሟ አልተከሰሰም፤ ግን ለመንግሥት ሥራ ዕቃ እንዳያቀርብ ተከለከለ። በዚያ ከተማ ከመንግሥት ሥራ ሌላ ይህ ነው የሚባል ግንባታ የለምና ገልባጩን ሸጠ። ሌላ ከተማ እያደረ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ እየመጣ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ፤ በወጣትነቱ ወደነበረበት ተመለሰ።

ሕዝቡ ሁለት ወሬ ያዘ። ገሚሱ “ለወንበሯ ስትል የገዛ ወንድሟን በላች” አለ። ገሚሱ “ባትኖር ኖሮ ወህኒ ይወርድ ነበር፤ ውስጥ ለውስጥ አስጨርሳለት ነው” አለ። ሁለቱም ውሸት ነው። እሷ አንዱንም አላስተባበለችም። የቱን ቀድማ ታስተባብል? ጋኑ ፈርሶ እንደገና እስኪሠራ ድረስ ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ወረፋ መቆማቸውን ቀጠሉ። በዚያ በኩል ስታልፍ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

የሥራ ዘመኗ ሲያልቅ ድጋሚ አልተወዳደረችም። ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። የወንድሟ ግቢ ውስጥ ያለው ክፍሏ ተቆልፎ ቆይቷል። ማንም አትግቢ አላላትም፤ ግቢም ያላት የለም። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። የወንድሟ ሚስት አንዳንዴ ወደ ገበያ ስታልፍ ጎራ ትላለች፤ ቁጭ ሳትል፣ ቆማ ታወራትና ትሄዳለች። “ምን ይላል?” ስትላት፣ “ምንም አይል፤ ስምሽ ሲነሳ ወጣ ብሎ ይመለሳል” ትላታለች። እሑድ እሑድ ትደውልለታለች። ያነሳል። “ደኅና ነን፣ እርስዎስ ደኅና ነዎት?” ይልና ስልኩን ለሚስቱ ያቀብላል።

አዲሱ ጋን ተሠርቶ አለቀ። አንድ ጠዋት የተከራየችው ቤት ቧንቧ አየር ሲያስነጥስ ቆየና ውሃ መጣ። ከጎረቤት ልጆች ሲጮሁ ሰማች። እሷ ባልዲ ሞላች፣ ሁለተኛ ሞላች፣ ከዚያ የሚሞላ ዕቃ አጣችና ዘጋችው። ለማን እንደምትደውል አሰበች። ሰዓቷ ደርሶ ነበርና ወደ ክፍል ሄደች።

በዓመቱ የወንድሟ ልጅ ተዳረች። ያስጠናቻት ልጅ ናት። ሌላው ዘመድ ሁሉ በቃል ሲጠራ ለሷ የጥሪ ካርድ መጣላት። አዲስ ቀሚስ አሰፍታ ሄደች። አዳራሹ በር ላይ የቆመ አስተናጋጅ ካርዷን አይቶ፣ ከርእሰ መምህሩና ከባንክ ሥራ አስኪያጁ ጋር፣ የክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። የቤተሰቡ ጠረጴዛ ከሙሽሮቹ አጠገብ ነው። የወንድሟ ሚስት ከዚያ ሆና አየቻትና እጇን አነሳች። ሙሽራዋ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ቶሎ ለፎቶ ጠሯትና ሄደች።

ምግቡ እንደቀረበ ወንድሟ እንደ ደጋሽ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ እንግዶቹን ያስተናግድ ጀመር። አርጅቷል፤ ሲራመድ አንድ እግሩን ይጎትታል። እነሱ ዘንድ ሲደርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

“ምን ጎደለ? ኧረ ብሉ፣ ተጫወቱ።”

“ምንም አልጎደለም” አሉ እንግዶቹ በአንድ አፍ።

እሷም አብራ አለች። ዓይኑ እሷ ላይ ጥቂት ቆየ፤ የሚናገር መሰላት። ከኋላው አንድ ሰው ጠራው፤ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። እሷ ሳህኗን ጎተት አድርጋ የቀረበላትን በላች። ርእሰ መምህሩ ስለ ፈተና ውጤት ሲያወራላት በየመሃሉ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችው። በማግስቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሷ ስለነበር ጭፈራው ሳይጀመር ተሰናብታ ወጣች።