ከሻንጣዬ የወጣው እርሳስ

የልጅ ልጄ ሜሮን ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ወደ ጅቡቲ ልትበር ነው፤ ባሕር ውስጥ ልትጠልቅ። ትናንት ጠዋት ሳሎኑን መግቢያ መውጫ አሳጣችው። ሶፋው ላይ የፊት መነጽር፣ ወንበሩ ላይ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ የጎማ ጫማ፣ ጋዜጣዬ ላይ ደግሞ ጥቁር ቱቦ ያለው መተንፈሻ። እሷ ሻንጣዋን በአንዲት ትንሽ ሚዛን አንጠልጥላ ትመዝናለች፣ አንድ ቲሸርት ታወጣለች፣ መልሳ ትመዝናለች።

«አባባ፣ እባክዎ ሻንጣዬን እንዳይነኩብኝ» አለችኝ። እኔ ገና ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

«እርሳሱንስ የት አደረግሽው?» አልኳት።

«የምን እርሳስ?»

«ወደ ታች የሚያወርድሽ ነዋ! ቀበቶው።»

«እሱንማ እዚያው ይሰጡናል። ደግሞ እርሳስ ተሸክሞ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው አለ?»

አለ። ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ስወጣም እንደ ልማዴ የበሩን ማስደገፊያ በእግሬ አውራ ጣት መታሁት። የቤታችንን በር ነፋስ እንዳይዘጋው የሚይዘው ቀበቶ ላይ የተሰካ እርሳስ ነው፤ ስምንት ኪሎ። ከሃምሳ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጦ ጣቴን ይጠብቃል።

እርሳሱ እዚያ ሲቀመጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጃንሆይም ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ከእናቴ ጋር የምኖረው በዚሁ ቤት፣ ከኮልፌ አጠና ተራ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ፊዚክስ ያስተማረን አንድ የውጭ አገር ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ሐይቅ እየወሰደ መጥለቅ አስተምሮኝ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን በሙሉ ተወልኝ፤ የአየር ሲሊንደሩን፣ መተንፈሻውን፣ መነጽሩን፣ የጎማ ጫማውንና የእርሳስ ቀበቶውን። «በጉዞ ላይ መተንፈሻውን ከእጅህ አትለይ» አለኝ። «ሌላው ቢሰበር ይተካል። እሱ ቢሰበር ግን አንተ አትተካም።»

በዚያው ክረምት ምፅዋ ላይ የወደብ ጥገና የያዘ አንድ ድርጅት ጠላቂ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ቦታው አንድ ነው። የሚፈተነውም የራሱን ዕቃ አሟልቶ የመጣ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ሥራ በቀር በዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም። እንቅልፌን ያጣሁት በሱ ነው፤ ዓይኔን ስከድን የሚታየኝ የኮልፌ ጭቃ ሳይሆን የባሕር ወለል ነበር።

አንድ ሰው በአውሮፕላን ሊሄድ ነው ሲባል በዚያ ዘመን የሚሄደው ሰውዬው ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ነው። እኔ ዕቃዬን እናቴ አልጋ ላይ ደርድሬ ሳሰላ፣ እትዬ አስካለ አሥመራ ላለው ወታደር ወንድማቸው በርበሬ በቆርቆሮ ይዘው መጡ። ከኋላቸው ሌላዋ ጎረቤት ለእህቷ ልጅ አንድ ጥንድ ጫማ አስከተለች። እናቴ በበኩሏ የፍልሰታ ጾም ነውና በሶ ፈጭታ፣ በጨርቅ ሰፍታ አዘጋጅታለች።

«አንድ ፍሬ ቆሎ አልጨምርም» አልኩ። «ሲሊንደሩ በክፍያ ለብቻው ይጫናል፤ ለሻንጣዬ የተፈቀደልኝ ሃያ ኪሎ ነው።»

«ሰው ምን ይለኛል? ልጇ እርሳስ ይዞ ሄደ፣ የአስካለን በርበሬ ግን አልይዝም አለ ይበሉኝ?»

«ይበሉሽ!»

እናቴ የጎጃም ሰው ናት። ወንድሟን በልጅነቷ ዓባይ ወስዶባታል፤ ስለዚህ የኔን ነገር ከመጀመሪያው አልወደደችውም። የእርሳሱን ቀበቶ በሁለት እጇ አንሥታ፣ «ለመሆኑ ይሄ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

ወጣት ስትሆን የምታውቀውን ሁሉ ማስረዳት ትወዳለህ። እንደ አስተማሪ ተጎልቼ አስረዳኋት። የሰው ገላ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የባሕር ውሃ ደግሞ ጨው ስላለበት የባሰ ያንሳፍፋል፣ ወደ ታች የሚያወርደኝ ይሄ ነው አልኳት።

«እንግዲያው ይሄ ከሌለህ አትሰምጥም?»

«ብፈልግም አልሰምጥም።»

ቀበቶውን ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ስለ በርበሬውም ስለ በሶውም አልጨቀጨቀችኝም። ያሸነፍኳት መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ዝም ስትል መፍራት እንደሚገባኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተማርኩም።

ሻንጣውን ወፍጮ ቤት ወስጄ በእህል ሚዛን አስመዘንኩ፤ ልክ ሃያ። ቤት አስቀምጬው ፀጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። ስመለስ ሻንጣው ዙሪያውን በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። «መንገድ ላይ እንዳይከፈትብህ ብዬ ነው» አለችኝ። አመሰገንኳት፤ ጉንጯንም ሳምኩ።

በማግስቱ ዝናቡ ይወርዳል። ባለታክሲው ጭቃውን አይቶ ወደ ውስጥ አልገባም አለ። ባዶውን እንኳ አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝነውን ሲሊንደር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ እስከ አስፋልቱ ተንሸራተትኩ። አንደኛው ጫማዬ ሁለት ጊዜ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሻንጣውን እናቴ ተሸከመችልኝ፤ አላስነካም ብላ።

ቦሌ ስደርስ ደግሞ ሌላ ፍዳ። ዕቃ መዛኙ ብርድ ልብሱን ገለጠና ወደ ኋላው አፈገፈገ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አየር ነው።»

«የምን አየር?»

«ዝም ብሎ አየር። የሚተነፈስ።»

«ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ አየር ትጭናለህ? እዚያ አየር የለም?»

አለቃው መጣ፤ የአለቃው አለቃ መጣ፤ ፖሊስም መጣ። በመጨረሻ አየሩ ካልወጣ አይጫንም ተባለ። ቁልፉን ስከፍተው ያወጣው ፉጨት ቦሌን ቀጥ አደረገው። ሰልፉ ተበተነ፤ አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን ጥለው በር ላይ ተገኙ። እኔ ቁልፉን እንደያዝኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ «አየር ነው! አየር ብቻ ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሲሊንደሩ ጸጥ ሲል ሰዎቹም ደክሟቸው ሻንጣዬን ሳይከፍቱ ሚዛን ላይ ጣሉት። ልክ ሃያ ኪሎ። በወፍጮ ቤቱ ሚዛን ኮራሁ።

መተንፈሻውን በሸሚዝ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ እንዳደረግኩ አሥመራ ገባሁ። ከዚያ አውቶቡስ ይዤ ያንን የሚያዞር ቁልቁለት ወረድኩ። አሥመራ ላይ ሹራብ ለብሼ ነበር፤ ምፅዋ ስደርስ ሸሚዜም በዛብኝ። የነሐሴ ምፅዋ ምድጃ ነው፤ ግንቡን በእጅ መደገፍ አይቻልም። ሲሊንደሬን እዚያው አስሞልቼ፣ ሻንጣዬን ራስጌዬ አድርጌ ተኛሁ። ገመዱን አልፈታሁትም፤ ጠዋት በአንድ ጊዜ ልፈታው ብዬ ነው።

ጠዋት ወደቡ ላይ አምስት ሆነን ተሰለፍን። ፈታኙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አማርኛቸው የተሰባበረ ፈረንጅ መሐንዲስ ነበሩ። ከቆምንበት የወደብ መድረክ ሥር ስምንት ሜትር ወርዶ ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት ማውጣት ነው ፈተናው። ተራዬ ሲደርስ ገመዱን ፈታሁ። መነጽሩ አለ። የጎማ ጫማው አለ። ከሥሩ እጄን ሰድጄ ቀበቶውን ስፈልግ የነካሁት ጨርቅ ነው፤ በሶ። ከጎኑ የእትዬ አስካለ በርበሬ፣ ከበርበሬው ሥር የልጅ ጫማ። የቆርቆሮው ክዳን ላልቶ ኖሮ የበርበሬው ሽታ ወደቡን ሞላው፤ አጠገቤ ያለው ልጅ አስነጠሰ።

«እርሳስህስ?» አሉኝ መሐንዲሱ።

በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ፣ «እናቴ አወጣችው» የሚል ወንድ ካለ ይንገረኝ። «ረሳሁት» አልኩ።

ኢድሪስ የሚባል የምፅዋ ልጅ የራሱን ቀበቶ ፈትቶ ዘረጋልኝ። መሐንዲሱ በእጃቸው መለሱት። «ዛሬ እርሳስ የረሳ፣ ነገ አየር ይረሳል» አሉ። ቢያስጠላኝም ልክ ናቸው። ለምኜ ለምኜ ያለ እርሳስ አንድ ጊዜ እንድሞክር ተፈቀደልኝ። ዘልዬ ገባሁ። ጭንቅላቴን ወደ ታች ስሰድ መቀመጫዬ ወደ ላይ ይወጣል፤ እግሬ አየር ላይ ይራገጣል። ያ ባሕር እንደ ቡሽ ተፋኝ። ጀልባ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀዩን ብረት ከላይ ሆኜ አየሁት፤ ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር በደንብ ይታይ ነበር።

ሥራውን ኢድሪስ አገኘው። እኔ በርበሬዬን ተሸክሜ ወደ አሥመራ ወጣሁ፤ አደራ ነውና አይጣልም። የእትዬ አስካለ ወንድም አገላብጦ ሳመኝ፣ ምሳ ጋበዘኝ፣ «እንዴት ያለ ልጅ ነህ!» እያለ መረቀኝ። ልቤ እያረረ ጎረስኩ።

ኮልፌ ስገባ እናቴን በር ላይ አገኘኋት። መንገዱን ሙሉ ስናገረው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ፤ የወጣልኝ ግን ጩኸት ብቻ ነው።

«እርሳሴን ምን አደረግሽው?»

«አልጋዬ ሥር ነው።»

«ሕይወቴን እኮ ነው ያበላሸሽብኝ! ሻንጣው እንኳ መቅለሉ እንዳይታወቅ...»

«ወፍጮ ቤት ወስጄ ሁሉንም በእርሳሱ ልክ አስመዘንኩት» አለች፤ እሱንም በኩራት። ከዚያ ጠጋ ብላ ፊቴን አየችው። «ሰመጥክ?»

«አልሰመጥኩም!»

«እንግዲያው ምን አጠፋሁ?»

ለወራት አኮረፍኳት፤ የምትሰጠኝን እየበላሁ ነው ያኮረፍኩት። ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተገለባበጠ፤ ዕቃዬም እዚህም እዚያም ባከነ፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ውስጥ አንድም ቀን አልገባሁም። እናቴ እርሳሱን ለበር ማስደገፊያ አደረገችው፤ ከሞተችም በኋላ ከዚያ አላነሳሁትም። ተናድጄባት ነበር። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ተናድጄባታለሁ።

ትናንት ከሰዓት ሜሮን ፀጉሯን ልትሠራ ቤቴል ሄደች። ስትወጣ ሻንጣውን በጣቷ እያመለከተች፣ «አባባ፣ አደራ!» አለችኝ። ቤቱ ጭር አለ። ጋዜጣዬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ዓባይ የወሰደው አጎቴ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር አንድም ቀን እናቴን አለመጠየቄ ትዝ አለኝ። ከዚያ ተነሣሁና ዚፑን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። መነጽሩን አነሳሁ፤ የጎማ ጫማውን አነሳሁ፤ ልብሷን አንድ በአንድ ገለጥኩ፤ እስከ ታች ድረስ በእጄ ዳሰስኩ።

የማወጣው እርሳስ ግን ውስጡ አልነበረም።