ፋጤ እርስዎ የተባለች ቀን

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ልብስ አይደርቅም። ዘንድሮም ሐምሌ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ የከረመውን አንሶላ አውርጄ ወደ ፊቴ ሳስጠጋው ያ የማውቀው ሽታ መጣብኝ፤ የሳሙና፣ የዝናብና የጭስ ድብልቅ፣ ግማሹ ደርቆ ግማሹ የረጠበ ጨርቅ ሽታ። ልጄ «እማዬ፣ ሸቷል፣ እንደገና ይታጠብ» አለችኝ። እኔ በሐሳቤ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ከማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው፤ ፋጤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ የአባቴን ሸሚዝ አንገትጌ ታሻለች።

ፋጤ ልብስ አጣቢያችን ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከቦሳ አዲስ ሰፈር በእግሯ ትመጣና የግቢውን በር ሳታንኳኳ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ እናንተ እንቅልፋሞች» እያለች ትገባለች። እናቴ ያስቀመጠችበት የሚጠፋትን ጨው ፋጤ ታገኘዋለች። ታናሽ ወንድሜ ሌሊት አንሶላው ላይ የሚያደርገውን ነገር ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ማንም ሳያያት አንሶላውን ጠቅልላ ከታች ትከተውና እሱን በዓይኗ ጠቀስ ታደርገዋለች። ምሳ ከእኔና ከወንድሜ ጋር ማዕድ ቤት ውስጥ ከአንድ ትሪ ትበላለች፣ ሽሮው መሐል ያለችውን ቃሪያ ማን ይውሰዳት በሚለው ሁልጊዜ እንጣላለን፣ ሁልጊዜም እሷ ታሸንፋለች። ስትስቅ ሳቋ ከግቢያችን ፊት ለፊት እስካለው የአባቴ ሱቅ ድረስ ይሰማል።

በዕድሜ እናቴን በብዙ ትበልጣታለች፤ ከሻሿ ሥር የሚወጣው ጸጉሯ ሸብቷል። ቢሆንም እናቴም፣ አባቴም፣ እኔም፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባው ወንድሜም «ፋጤ» ነው የምንላት፣ «ፋጤ፣ ነይ»፣ «ፋጤ፣ አምጪ»። ሙሉ ስሟ ፋጡማ መሆኑን እንኳ የሰማሁት ኋላ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሰው በማክበር ደግሞ የሚቀድመው አልነበረም። የሱሪ ቁመት ሊለካ ሲንበረከክ «ይፍቀዱልኝ» ይላል። ከሱቁ ጎን ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ሙዘይን በበሩ ሲያልፉ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ፣ አንድ እግሩ የስፌት መኪናው ላይ እንዳለ ብድግ ይላል፤ እሳቸውም «በአላህ፣ ተቀመጥ» ሳይሉት አይቀመጥም። እኛም በዚያው ልክ ነው ያደግነው፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ መነሳት፣ ጉልበት መሳም፣ ሲናገሩ አለማቋረጥ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሱዚ ስዘል አባቴ ሐጂ ሙዘይንን እንድጠራለት ነገረኝ። ጨዋታው ሞቆልኝ ስለነበር ካለሁበት ሳልነቃነቅ «ሐጂ፣ ና፣ አባዬ ይጠራሃል» ብዬ ጮህኩ። ሐጂ እየሳቁ መጡ። አባቴ ግን አልሳቀም። በጆሮዬ ይዞ ወሰደኝና ጉልበታቸውን አሳመኝ፤ «ትልቅ ሰው አንተ አይባልም፣ ሰማሽ?» አለኝ። ሰምቼ ነበር። የሰማሁት ነገር ግን እስከ ምሳ በኋላ ድረስ እየተብላላ አልወርድ አለኝና አባቴን እጁን ሳስታጥበው ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ፋጤ ትልቅ ሰው አይደለችም?»

እናቴ «ውሃውን በደንብ አፍስሺ» አለችኝ። አባቴ አረፋ በእጁ እንደያዘ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ፋጤ ጎንበስ ብላ ብርድ ልብስ ትጠመዝዛለች። ጆሮዬን ድጋሚ የሚይዘኝ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን እጁን አደራርቆ ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ሱቅ አልሄደም። ኮቱን ለብሶ ግቢው መሐል ቆሞ ጠበቃት። ፋጤ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ ፋጡማ» አላት። እሷ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም አልነበረም።

«ማንን ነው?» አለች እየሳቀች።

«እርስዎን ነው» አለ አባቴ። ከዚያም እኛን ደርድሮ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እትዬ ፋጡማ እንደሚባሉ፣ አንቺ ያለ ሰው እሱን እንደሚያገኘው ነገረን። እናቴ የያዘችውን ጨርቅ ማጠፏን ቀጠለች። ወንድሜ ወዲያው ሊታዘዝ ፈልጎ «እትዬ ፋጡማ፣ እርስዎ ነይ» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ፋጤም ሳቀች፣ ግን ሳቋ እንደ ወትሮው ሱቁ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳሎን፣ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቴ እጇን አስታጠበቻት። ፋጤ ጉልበቶቿን ገጥማ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና ሦስት ጉርሻ በላችና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነሳች። እኔና ወንድሜ ማዕድ ቤት ውስጥ ቃሪያዋን ሳንጣላ ለሁለት ከፈልናት፤ አልጣመችንም። በሁለተኛው ቅዳሜ ፋጤ ከመግባቷ በፊት በሩን አንኳኳች። በሦስተኛው ቅዳሜ የወንድሜን አንሶላ በሥርዓት አጥፋ ለእናቴ በእጇ ሰጠቻትና «ይሄ እርጥብ ነው» አለች፤ ወንድሜም የዚያን ቀን አልቅሶ አልቅሶ እንቅልፍ ወሰደው።

አመሻሹ ላይ ልትሄድ ስትል እናቴን ወደ ጥግ ጠራቻት።

«ማሎ፣ እባክሽ ንገሪኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም፤ አጠፉ… አላጠፉም» አለች እናቴ ምላሷ ተጠላልፎ። «እሱ አክብሮት ነው ይላል።»

ፋጤ ያኔ የነገረቻትን ቆሜ ሰምቻለሁ። ከእኛ በፊት አንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስታጥብ፣ እመቤቲቱ አንድ ቀን ወንበር ስባ አስቀምጣ እርስዎ አለቻት፣ ሻይ ቀዳችላት፣ ከዚያም ሌላ ሰው ማግኘታቸውን ነገረቻት። «እርስዎ ሲሉኝ ልቤ ይፈራል፣ ወላሂ» አለች። ቀጥሎ በመጣው ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀረች። ልብሱ ተከመረ፣ አባቴም የሰው ኮት እየተኮሰ እሱ የቆሸሸ አንገትጌ አድርጎ ዋለ።

ሁለት ቅዳሜ ካለፈ በኋላ እሑድ ከሰዓት አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቶ እጄን ያዘኝና ቦሳ አዲስ ሄድን። ለምን እኔን እንደመረጠ አልነገረኝም፤ እኔ ግን አውቄያለሁ። ፋጤ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ከበሯ ላይ ቆመች።

«ግባ፣ ልጄ» አለችው አባቴን። «ጫማህን አውልቅ።»

አባቴን አንተ አለችው! እሱም እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበርና የልብስ ሰፊው ጣት ብቅ ስትል እግሩን በእግሩ ሸፈነ። ምንጣፉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። በዚያ ቤት እርስዎ ከአፉ ሲወጣ ምንም አይጎረብጥም ነበር።

«እትዬ ፋጡማ፣ ያስቀየምንዎት ነገር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ቀሩ?»

ስኳሩን ከፊቷ ገፋ አደረገች። «አንቺ ስትሉኝ የቤቱ ሰው ነበርኩ። እርስዎ ስትሉኝ እንግዳ ሆንኩ። እንግዳ ደግሞ መቼ ሂድ ይሉኛል እያለ ከሚሳቀቅ ራሱ ቢነሳ ይሻለዋል።»

«እኔ ልጆቼ እናቴን የምታህል ሴት አንቺ እያሉ እንዲያድጉ አልፈልግም።»

«ኤዬ፣ እሱም ልክ ነህ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሁለታችንም ልክ ከሆንን ምን ይሻላል?»

አባቴ ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ። ለእኔ የተቆላ በቆሎ በእፍኟ ሰጠችኝ፣ ስንወጣ ደግሞ እንግዳ እንደሚሸኝ እስከ መንገዱ ሸኘችን።

ልብስ ለማጠብ ግን ተመልሳ አልመጣችም። በዒድ እኛ እንሄዳለን፣ በፋሲካ እሷ ትመጣለች፤ ሳሎን ትቀመጣለች፣ እኛም ሳንሳሳት «ይብሉ፣ ይጠጡ» እንላታለን። አባቴ የፈለገውን አገኘ። እናቴ ልብሱን ራሷ እያጠበች፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ የጥያቄዬ ቅጣት ይመስል፣ እንዳጥበው አንድ ካልሲ እጄ ላይ ወርወር ታደርግልኝ ነበር። አድጌ አንድ ቀን «አንቺ እኮ ፋጤን አክብረሻት አታውቂም» ብላት፣ «ቅዳሜ ሥጋ ሠርቼ አውቃለሁ?» አለችኝ። እውነት ነው፤ ፋጤ የእኛን ሥጋ ስለማትበላ ቅዳሜ ቤታችን ውስጥ ሥጋ አይሠራም ነበር። ይህን ልብ ያላልኩት እኔ ነኝ፣ አባቴም ጭምር።

አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገርበብ ባለ በር ውስጥ ፋጤን አየኋት፤ እጅጌዋን ሰብስባ የሌላ ሰው ልብስ ታጥባለች። እኔን የምታህል ልጅ ከቤት ውስጥ «ፋጤ፣ ነይ እስቲ» ብላ ስትጮህ ፋጤ መለሰችላትና ያንን ሳቋን ለቀቀችው፤ መንገዱን ሞላው። በልጅቷ ልቆጣ ወይስ ልቅና ሳላውቅ ሰላም ሳልላት አለፍኩ። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ መንደሩ በሙሉ እርስዎ ይለኛል፣ ሁሉም ስልክ ደውሎ ነው የሚመጣው። የሰደበኝም ያዋረደኝም የለም። ጨዌ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ግን የለኝም።

ፋጤ ስትሞት እኔ ሊሙ ገነት አስተማሪ ነበርኩ። ወሬው ደርሶኝ በሚኒባስ መጥቼ ቤቷ ስደርስ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺስ፣ ልጄ፣ የሟች ምናቸው ነሽ?»

«ልብሳችንን…» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። በቋንቋችን አረፍተ ነገር ማሰሪያ ይፈልጋል፣ ማሰሪያው ደግሞ ስለ ማን እንደምናወራ ይጠይቃል። «ታጥብልን ነበር» ብል በለቅሶዋ ቀን፣ በወገኖቿ ፊት፣ አንቺ ልላት ነው። «ያጥቡልን ነበር» ብል እኔ የማለቅስላት ሴት እሷ አይደለችም። አሮጊቷ ጠበቁኝ። ሴቶቹ ሁሉ ጠበቁኝ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ እንጂ ቃሉ አልመጣም።

አሮጊቷ እንባ ያነቀኝ መሰላቸው። «አይዞሽ፣ ተይው፣ ገብቶኛል» ብለው ጠጋ አሉና ከጎናቸው ቦታ ሰጡኝ። ተቀመጥኩ። ምን እንደገባቸው ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር።