ሂና የሸፈናቸው ነጥቦች

ሐሙስ ነበር፤ የዐስር ሶላት እንዳበቃ። እናቴ መስገጃዋን ስታጥፍ ጉልበቷ ከዳት። ጋአን ሊባህ በሚባለው የሶማሌዎች ሰፈር ያለችው የስደት ክፍላችን ጠባብ ስለሆነች ግድግዳው ደገፋት እንጂ ወድቃ ነበር።

"ሰገራሽ አሁንም ጥቁር ነው?" አልኳት።

"የብረት ክኒኑ ነው። እሱ ያጠቁራል።"

"ክኒኑ ካለቀ ቆየ እኮ፣ እማ።"

እየደገፍኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ከተማዋ ከጦርነት በኋላ እንደገና ስትሠራ ከውጭ የተመለሰ ሶማሌ ነው። እሱ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፤ እኔ ለእናቴ እተረጉምላታለሁ። ጥፍሯን ለማየት እጇን ያዘ። ጣቶቿ እንደ ሁልጊዜው ሂና ተቀብተዋል። በጥጥ ቢፈትገውም አልለቀቀም። ከንፈሯን ገልበጥ ሲያደርግ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀይ ነጥቦች አየ። ነስር እንዳለባት ጠየቀ።

"ከልጅነቴ ጀምሮ። አባቴም ይነስረው ነበር" አለች። "ጣቴም ላይ ነጥቦቹ አሉ። ሰው ቁምጥና እንዳይላቸው ነው ሂናው።"

እኔ ጌጥ ይመስለኝ ነበር።

ነጥቦቹ አንጀቷ ውስጥም እንዳሉ፣ ቀስ እያሉ እንደሚደሙ፣ በሽታው በዘር እንደሚተላለፍ ሐኪሙ ነገረኝ። ካሜራ ባለው ቱቦ ገብቶ የሚደማውን መተኮስ ይቻላል፤ ግን አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ብረት በደም ሥር፣ ሲብስ ደም፣ ዕድሜ ልክ። አሁን ደም ካላገኘች ልቧ አይችልም። ደም የሚሰጠው ዘመድ ነው። እዚህ ሰው ሲታመም ጎሳው በር ላይ ይሰለፋል። እናቴ እዚህ ያላት ዘመድ እኔ ብቻ ነኝ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሐኪሙ ግን ከንፈሬን ትኩር ብሎ አየ፤ ጣቴን ወግቶ ደሜን አስመረመረ።

"የአንቺ ደም ለአንቺም አይበቃም" አለኝ።

"ምን አለሽ?" አለች እናቴ።

"ሌላ ሰው ፈልጊ አለኝ።"

እሷም ከንፈሬን ታይ ነበር። "አልሐምዱሊላህ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። 

በማግስቱ ጠዋት በርበራ ወደብ የሚመላለሱ የአገራችን የጭነት መኪና ሾፌሮች ወደሚቆሙበት ሄድኩ። ከማላውቀው ወንድ ጋር ቀና ብዬ አውርቼ አላውቅም። ጥላ ሥር ቁርስ እየበሉ ነበር።

"ምን ፈለግሽ፣ እህቴ?"

"ደም። ለእናቴ።"

"የእኛ እንኳ ናፍጣ ነው፤ ይስማማታል?" አለ አንዱ፤ ሳቁ። "አንቺ ወጣት አይደለሽ እንዴ? ለምን አትሰጫትም?"

ሻሼን ከአፌ ላይ አወረድኩና ከንፈሬን ገልብጬ ነጥቦቹን አሳየኋቸው።