የአስካለ መጨረሻ

ባለፈው ክረምት ቴፒ ላይ፣ ዝናብ ያበሰበሰውን የልጄን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ዘርግቼ ሳደርቅ፣ የረጠበ ወረቀት ሲሞቅ የሚሰጠው ያ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ሽታ ቤቱን ሞላውና ሐሳቤ ሳላውቀው ሚዛን ተፈሪ ገባ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረባት ሚዛን ዝናቡ ግን ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ቀበቶውም፣ ጫማውም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣም፣ ከሁሉ በላይ የእኔ ልቦለዶች ይሻግቱ ነበር። ነፍሴ የምትወዳት አንዲት ደራሲ ነበረች። መጽሐፎቿ ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ የሚደርሱት በመምህራንና በሾፌሮች እጅ ዞረው ዞረው፣ ሽፋናቸው ወልቆ ነው። ከእነሱ አንዱን፣ እራት እስኪደርስ፣ ለእናቴ እያነበብኩ ወደ ቋንቋችን ወደ ቤንችኛ እመልስላት ነበር። እናቴ ገበያ ጎደሬና ሙዝ የምትሸጥ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ብትሆንም ታሪክ ስትሰማ እንደ ዳኛ ነበር የምትፈርደው፤ አስካለ የምትባለውን ባለታሪክ እንደ እህቷ ወዳ፣ ባሏን ከልቧ ትረግመው ነበር።

እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። ዓመት በዓመት እያደገ መጥቶ መዋጥና መተንፈስ ሲያስቸግራት፣ የሆስፒታሉ ሐኪም በቀዶ ጥገና ካልወጣ ያንቃታል አለን። እሷ ደግሞ አንገቷን ለቢላ መስጠት ፈራች። በዚያ ላይ መጽሐፉ ጉድ ሠራን። አስካለ ታማ፣ በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፋች ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ በሩ ሲዘጋ፣ ገጹ አለቀ፤ የቀሩትን ቅጠሎች ማን እንደገነጠላቸው እግዜር ይወቀው። እናቴም፣ “እሷ ሳትወጣ እኔ አልገባም” አለች። የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ቀጠሮዋ ደርሶ ከአልጋዬ አልነሳም ስትል ግን ሳቄ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን ደራሲዋ ሚዛን መጥታ በአዲሱ መጽሐፏ ላይ እንደምትፈርም የሚናገር ወረቀት በጋሽ ደምሴ መጻሕፍት መደብር በር ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ደምሴ ከደብተርና ከእስክሪብቶ ሌላ እምብዛም የማይሸጡ ሰው ነበሩ፤ ለክብሯ ከሆቴል ወንበሮች ተውሰው፣ አንዱ እግሩ የሚወላገድ ሆኖ ቢያገኙት እሱን ለራሳቸው አደረጉት። መምህራኑና የቢሮ ሠራተኞቹ አዲሱን መጽሐፍ ታቅፈው ተሰለፉ፤ እኔ አሮጌውን በፌስታል ጠቅልዬ ከኋላቸው ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው፣ “ልጄ፣ የሚፈረመው በአዲሱ ላይ ነው” አሉኝ። ደራሲዋ ግን እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝና ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

“መጨረሻው የታለ?”

“የለውም። እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። አስካለ ከቀዶ ጥገናው ወጣች?”

“ለምን ፈለግሽው?”

ያ ሁሉ ሰው እየሰማ የእናቴን ነገር ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ የተገነጠለውን ቦታ ስታይ ቆየች።

“ወጥታለች” አለች በመጨረሻ። “እንደ ወጣች መጀመሪያ ውሃ ነው የጠየቀችው። ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያት።” ይህንኑ ከመጨረሻው መስመር ሥር ጽፋ ፈረመችበት።

ማመስገኔን አላስታውስም፤ በዝናብ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ፣ “ውሃ ጠየቀች?” ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝና፣ “በይ ነጠላዬን አምጪ” አለችኝ።

የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ስጠብቅ የቆየሁትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ የትም አልጠበቅሁም። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲያወጧት፣ እንደ ሹክሹክታ በቀጠነ ድምፅ፣ “ውሃ” አለች። ጠምቷት ይሁን ታሪኩን ለመምሰል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ በእፎይታ አለቀስኩ።

ዛሬ የጋሽ ደምሴ መደብር ሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ የተፈረመበትን መጽሐፍ ሻጋታ በላው፤ እናቴም የልጅ ልጇን አዝላ፣ ጠግባ ኖራ አረፈች። ከማረፏ በፊት ግን እውነቱን ነግሬያታለሁ። ጅማ ኮሌጅ ስማር ያልተገነጠለውን መጽሐፍ አግኝቼ ቆሜ አንብቤው ነበር፤ አስካለ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣችም። ለዕረፍት ስመለስ፣ እናቴ ጓሮ ጎደሬ እየላጠች ሳለ፣ ደራሲዋ አዝናልን እንደዋሸችን ነገርኳት።

ቢላዋን አስቀምጣ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳሰሰችው።

“እኔ ወጥቻለሁ አይደል?” አለች። “እንግዲያው መጽሐፉ ይታረም።”