ቀድሞ የሚሰማ ጎል

ትናንት ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ በስልኬ ጨዋታ ሳይ፣ ከጎን ካለው ሆቴል «ጎል!» የሚል ጩኸት ተነሳ። እኔ ስልክ ላይ ኳሷ ገና መሃል ሜዳ ነበረች። ሳቄ መጣ። አጎቴ ትዝ አለኝ።

አጎቴ ታቦር ሰፈር ኳስ ማሳያ ቤት ነበረው። ምን ቤት ይባላል፣ ቆርቆሮ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ጣራው ላይ ዲሽ። ለየጨዋታው እየከፈሉ መግባት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቆርቆሮው ሲግል ላብና የተቆላ ኦቾሎኒ አብሮ ይሸታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከኳየር ልምምድ የወጡት ልጆች ሳይቀሩ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ስትቆጣ አጎቴ «ከእኔ ጋር ናት፣ ተያት» ይላት ነበር።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ማሳያ ቤት ተከፈተ። ዲሹ የሌላ ድርጅት ስለሆነ ምስሉ ከእኛ በጥቂት ሰከንድ ይቀድማል። እኛ ቤት ተጫዋቹ ገና ኳሷን ሲያበርድ ማዶ ይጮሃሉ። በቃ፣ ነገር ተበላሸ። አጎቴ ድምፁን ጨመረ፤ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት በፍራሽ ደፈነው። ቤቱ ታፈነ እንጂ ጩኸቱ አልቀረም። አንድ ተማሪ ስለ ሳተላይት ሊያስረዳው ቢሞክር፣ «ሰማዩ አንድ አይደል እንዴ፣ የእኛ በየት ዞሮ ነው የሚመጣው?» አለው። ያም ተማሪ በሳምንቱ ማዶ ተሻገረ።

የቀረነው ጥቂቶች ያልሰማን መምሰል ለመድን። ማዶ ሲጮሁ ማንም ዞር አይልም። ጎሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ እንደ አዲስ ብድግ ብለን እንጮሃለን። ከሁሉም በላይ የሚዘለው አጎቴ ነበር። ለእሱ ብለን እንደምናደርገው የማያውቅ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ እሱና እኔ ብቻ ቀረን። አጎቴ የሚደግፈው ቡድን አንድ ጎል ያስፈልገው ነበር፤ ሰዓቱም እያለቀ ነው። ማዶ ጮሁ። እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ። አጎቴ ግን ተነሳና ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«ሰምተሻል አይደል?» አለኝ።

«አልሰማሁም።»

«ይብቃሽ፣ ልጄ። ደከመሽ» አለና ፍራሹን ከመስኮቱ አወረደው።

ማዶ ያለው ቤትም ብዙ አልቆየም። ሰው ስልክ ያዘ፣ ሁለቱም ቤቶች ሱቅ ሆኑ። አጎቴም አረፈ። ያቺን ጎል እስከ ዛሬ አላየኋትም፤ ፈልጌ ማየት አያቅተኝም ነበር።

ትናንት ግን ጎሉ ስልኬ ላይ እስኪደርስ ጠበቅኩና፣ ሲደርስ ካፌው መሃል ብድግ ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስተናጋጇ ደንግጣ፣ «ቅድም አልነበር እንዴ የገባው? ሲጮሁ አልሰማሽም?» አለችኝ።

አልሰማሁም አልኳት።