ሳንታፌን ያላዩት ሹፌር

እኚህን ሰው ያወቅኋቸው በሥራ ነው። እዚህ አሜሪካ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ካለው ቤታቸው በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት በቫን የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጡ የቱሪስት ባስ ሹፌር ናቸው፤ የወሎ ሰው። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶታል። ግን አሁንም "አንተ፣ ፍሬኑን ቀስ! በግ ነው እንዴ የጫንከው?" ይሉኛል።

በፈረንጆች 2008 ጁላይ ላይ ወፍራም ጃኬት ለብሰው ወጡ።

"አባባ፣ ሙቀቱ መቶ ፋራናይት ነው እኮ" አልኳቸው።

"ለሳንታፌ ብርድ የገዛሁት ነው። ተራራ ሥር ያለች፣ ሠዓሊ የሞላባት የድሮ ከተማ ናት አሉ። አሥራ አራት ዓመት ሰው ወደ እሷ ወሰድኩ። እነሱ ሊያዩ ሲወርዱ እኔ ባሱ ውስጥ እተኛለሁ፤ ሹፌር ካላረፈ እንዴት ይመለሳል? ጡረታ ስወጣ አያታለሁ ስል ዓይኔ ቀደመኝ። ጃኬቱን እንኳ ልልበሰው።"

እኔም አይቻት አላውቅም።

ሶ፣ ሳንታፌ የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። እሑድ ቤት ናቸው፤ አድራሻውን እኔ እሰጣችኋለሁ። ሙዝና ብርቱካን አትያዙ፣ ለኩላሊታቸው አይሆንም። ያያችሁትን ብቻ ንገሯቸው። መንገዱን ያውቁታል፤ ከባሱ ከወረዳችሁበት ጀምሩላቸው።